ቫንኮማይሲን፦ ክሬአቲኒኑ ጨምሮ የመድኃኒቱ የደም ደረጃ ካልተለካ ቀጣዩ ዶዝ ይሰጥ ወይስ ይያዝ?

ሰላም ባልደረቦች፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ የቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው የምጽፈው። ታካሚው 58 ኪሎ ነው፤ የቁስሉ ካልቸር ኤምአርኤስኤ (ብዙ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ባክቴሪያ) ስላሳየ አንቲባዮቲኩ ቫንኮማይሲን 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ ታዞለታል። ክሬአቲኒኑ (የኩላሊት ሥራ መለኪያው) በሁለት ቀን ከ0.8 ወደ 1.3 ወጣ፣ ሽንቱም ቀንሷል።

ፓምፕ የለንም፣ በጠብታ ነው የምንቆጥረው። ዱቄቱን በ20 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ በጥብጠን፣ ከ250 ኖርማል ሳላይን ላይ 20 አውጥተን እንጨምረዋለን፤ 4 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ይሆናል፣ ከ5 አያልፍም። በ100 ደቂቃ እንዲያልቅ፣ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሰጠው የማስገቢያ ቱቦ በደቂቃ 50 ጠብታ። ታካሚው ክንዱን በዘረጋ ቁጥር ግን ጠብታው ይሮጣል፤ ያኔ አንገቱና ደረቱ ይቀላል፣ ያሳክከዋል። ግፊቱ አልወረደም፣ ትንፋሹም ደህና ነው፤ ስለዚህ የፍጥነት ጉዳይ እንጂ አለርጂ አይመስለኝም። አቁመን፣ ሲረጋጋ በ2 ሰዓት እናስኬደዋለን።

ሌላው አንቲባዮቲክ ሴፍትሪያክሶንም በዚያው ካኑላ ነው የሚገባው። በመሃል በሳላይን ካልታጠበ መስመሩ ውስጥ ነጭ ነገር ይረጋል፤ ተረኞች ሲቀያየሩ የሚረሳው ይኸው ነው።

የጨነቀኝ ኩላሊቱ ነው። ለትሮፍ (ለዝቅተኛው የደም ደረጃ) ከቀጣዩ ዶዝ 30 ደቂቃ በፊት፣ መድኃኒቱ ከማይገባበት ክንድ ደም መውሰድ እንችላለን፤ የሚለካልን ግን አላገኘንም። ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ የቫንኮማይሲን ደረጃ የሚለካ ላቦራቶሪ የምታውቁ አላችሁ? ከሌለስ፣ የማታውን ዶዝ ይዤ ክሬአቲኒን ልድገም ወይስ ክፍተቱን ወደ 24 ሰዓት ላስፋው? ማስታገሻው ዲክሎፌናክ ኩላሊት ስለሚጎዳ አስቁመነዋል። ወደ ሊኒዞሊድ (ፕሌትሌት ሊቀንስ የሚችል ሌላ አንቲባዮቲክ) እንዳንቀይር ፕሌትሌቱ 90 ሺህ ነው።