ሀ⁶ − 64 በሁለት መንገድ ሲሠራ ሁለት መልስ ሰጠን

ጥያቄ፦ የጣና ዳር አባት (ባሕር ዳር)

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ሀ⁶ − 64ን ፋክተር እንድታደርግ (በብዜት መልክ እንድትጽፍ) የቤት ሥራ ተሰጥቷት፣ የኪዩቦች ልዩነት አድርጋ በመውሰድ፣ ማለትም በሀ³ − ለ³ = (ሀ − ለ)(ሀ² + ሀለ + ለ²) ቀመር፣ (ሀ − 2)(ሀ + 2)(ሀ⁴ + 4ሀ² + 16) ላይ ደረሰች። እኔ ግን በካሬዎች ልዩነት ጀምሬ፣ (ሀ³ − 8)(ሀ³ + 8) ካልኩ በኋላ እያንዳንዱን በኪዩብ ቀመር ስለያይ አራት ፋክተሮች አገኘሁ። በሀ ፋንታ 3ን ተክተን ብናሰላ የሁለታችንም ውጤት 665 ሆነ። መብራት እስኪጠፋብን ድረስ ተከራከርን፤ የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር

ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ የልጅዎ ሥራ ግን ገና አላለቀም። በ3 ስትሞክሩት ሀ⁴ + 4ሀ² + 16 የሚሰጠው 133 ሲሆን፣ ይህም 19 × 7 ነው፤ የእርስዎ ሁለት ባለ ሦስት ተርም ፋክተሮች፣ ማለትም ሀ² + 2ሀ + 4 እና ሀ² − 2ሀ + 4፣ በ3 የሚሰጡት እነዚህኑ ቁጥሮች ነው። ልጅዎ 4ሀ² ደምራ መልሳ ብትቀንስ (ሀ² + 4)² − (2ሀ)² ስለምታገኝ፣ በካሬዎች ልዩነት እርስዎ የደረሱበት ትደርሳለች። ይህ ዘዴ ግን ቶሎ የሚታይ ስላልሆነ፣ ካሬም ኪዩብም የሆነ ነገር ሲያጋጥም በካሬው መጀመር ይሻላል። ከዚያ ወዲያ ሀ² + 2ሀ + 4 ዲስክሪሚናንቱ (የመካከለኛው ተርም ቁጥር ካሬ ሲቀነስ የሌሎቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት አራት እጥፍ) 4 − 16 = −12፣ ማለትም ከዜሮ በታች፣ በመሆኑ በሪል ቁጥሮች አይከፈልም። በማስተማር ዘመኔ ብዙ ያረምኩት ስሕተት፣ የሙሉ ካሬን ቀመር ከዚህ ጋር በማምታታት መካከለኛውን ተርም 4ሀ ብሎ መጻፍ ነው።

መልስ፦ አናጢ፣ ከዘንዘልማ መንገድ

ወንድሜ፣ እኔ የኪዩቦች ልዩነት ቀመር የገባኝ በእንጨት ነው። ጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የዋንዛ ኪዩብ አንድ ማዕዘን ላይ ጎኑ 2 የሆነ ኪዩብ ቆርጠው ቢያወጡ፣ የሚቀረው በመጋዝ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ሦስቱም ውፍረታቸው 3 ሲሆን ፊታቸው 5 × 5፣ 5 × 2 እና 2 × 2 ነው። 75፣ 30 እና 12 ሲደመሩ 117 ይሆናሉ፤ 125 − 8 ማለት ነው። ውፍረቱ የሁለቱ ጎኖች ልዩነት ነው፤ መካከለኛው ተርም አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣውም 5 × 2 የሆነው ፊት አንድ ብቻ ስለሆነ ነው።

ጠያቂው፦

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጄ በሳሙና ልትሞክረው ነው። መምህር፣ ድምር ሲሆንስ?

መልስ፦ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር

ሀ³ + ለ³ ማለት ሀ³ − (−ለ)³ ስለሆነ፣ በለ ቦታ −ለን ቢያስገቡ (ሀ + ለ)(ሀ² − ሀለ + ለ²) ይወጣል፤ ለ² ግን ምልክቱን አይለውጥም። ልጅዎ 16ሀ³ + 54ን ትሞክር፤ ሁለቱም ኪዩብ አይመስሉም፣ ነገር ግን አስቀድማ 2ን ብታወጣ 2(2ሀ + 3)(4ሀ² − 6ሀ + 9) ታገኛለች።