«አይጥ ሰው አይደለም» ብሎ ነገር መዝጋት ይቻላል?

በጣሽ ቅጠል፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ ኤፍዲኤ (የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) በኤፕሪል 2025 ያወጣው ዜና ተለጥፎ ነበር። ለሞኖክሎናል አንቲቦዲ መድኃኒቶች (በላብራቶሪ ለሚሠሩ ፀረ እንግዳ አካላት) የእንስሳት ሙከራን ደረጃ በደረጃ ሊቀንስ ነው። በምትኩ የሰው ሴል፣ ቺፕ ላይ ያደገ ጉበት፣ የኮምፒውተር ሞዴል። ጥሩ። ያናደደኝ ከሥሩ ሚሚ የጻፈችው ነው፦ «አይጥ ሰው አይደለም፤ የሀገር ቤት የአይጥ ጥናት ሁሉ ቅርጫት ይግባ።» እኔ ለማስተርሴ ለአምስት አይጥ በኪሎ 2000 ሚሊግራም የቅጠል ጭማቂ ሰጥቼ፣ ይመርዛቸው እንደሆነ ለማየት 14 ቀን ሙሉ አይጥ ስጠብቅ የከረምኩ ሰው ነኝ። ቅርጫት ልግባ?

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ አንተን አላልኩም፣ ጥናቱን ነው። በ1993 ፊያሉሪዲን የሚባል የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት አይጡንም ውሻውንም ጦጣውንም አልፎ መጥቶ ከ15 ታማሚ 5 ገደለ። ሁለቱ የተረፉት ጉበት ተቀይሮላቸው ነው። አይጥ ሰው አይደለም፣ አለቀ። ደግሞ ኤፍዲኤ ያለው እኛ ሰፈር ነው፣ ወሬው ቶሎ ይደርሰናል።

ሸገር፦ ኪኪኪ ጎረቤት ስለሆነች ቶክሲኮሎጂስት ሆነች። እኔም ጥቁር አንበሳ አጠገብ ነው ያደግኩት፣ ትርፍ አንጀትሽን ላውጣልሽ?

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቀልዱን ተወውና መልስ ካለህ መልስ። ለእርጉዞች ማቅለሽለሽ ይሰጥ የነበረው ታሊዶማይድስ? እንስሳት ላይ «ሰላም ነው» ተብሎ አይደል ስንት ሺህ ሕፃን ያለ እጅና እግር ያስወለደው?

ጋሼ ፋርማሲ፦ ሚሚዬ፣ ይቺ ነገር ሁሌ ትጠቀሳለች፣ ሁሌም ተቆርጣ ነው። ገበያ ሲወጣ እርጉዝ እንስሳ ላይ አልተሞከረም ነበር። ኋላ እርጉዝ ጥንቸል ላይ ሲሞከር ጉዳቱ ታየ። እንስሳው አልዋሸንም፣ የሚጠይቀው ሰው ነው ያጣው። የ1937ቱንስ ለምን አታነሺም? ሰልፋኒላማይድ የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መርዝ በሆነ ፈሳሽ በጥብጠው፣ ለአንድ አይጥ እንኳ ሳያቀምሱ ሸጡት። ከ100 ሰው በላይ አለቀ፣ ሕፃናትም ጭምር። መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደህንነቱ ይረጋገጥ የሚለው የአሜሪካ የ1938ቱ ሕግ የመጣው ከዚያ ነው።

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ አከብርዎታለሁ። ግን ጥንቸል ላይ የታየው አይጥ ላይ ያን ያህል አልታየም። ታዲያ የትኛውን እንመን? እኔም ያልኩት አይጥ ሰው አይደለም ነው። ስለ ጥንቸል ምንም አላልኩም።

ሸገር፦ ጥንቸል ሰው ናት ማለት ነው እንግዲህ።

በጣሽ ቅጠል፦ ቺፑስ ሰው ነው?

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቺፑ ውስጥ ያለው የሰው ጉበት ሴል ነው። በ2022 የታተመ ጥናት አለ። 27 መድኃኒት ሞክረው፣ ጉበት ከሚጎዱት 87 በመቶውን ለየ፣ ንጹሑን ደግሞ አንዱንም ጎጂ አላለም። እነዚያ ጎጂዎች እኮ የእናንተን አይጥ አልፈው ሰው ጋ የደረሱ ናቸው።

ሸገር፦ ጥናቱን ያሠራው ማን ነው? ቺፑን የሚሸጠው ድርጅት። ቅቤ ሻጭ ቅቤዬ ውስጥ ሙዝ አለ ይላል?

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ መድኃኒት ፋብሪካውስ የራሱን መድኃኒት አይደል አይጥ ላይ የሚፈትነው? እዚያ ጋ ሙዙ አይታይህም?

ጋሼ ፋርማሲ፦ ልክ ነሽ፣ እዚህ ላይ ልስጥሽ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ቺፑ ላይ ያለው ጉበት የማን ጉበት ነው? ኮዴይን የሚባለውን ማስታገሻ ሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚቀይር ጂን አለ። በ1996 የወጣ ጥናት ላይ ከኢትዮጵያውያኑ 29 በመቶው ያ ጂን ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል፣ ሞርፊኑ ይበዛባቸዋል ማለት ነው። ሰሜን አውሮፓ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ለፈረንጅ ማስታገሻ የሆነው ሽሮፕ ለእኛ ልጅ ትንፋሽ ማጥፊያ ሊሆን ይችላል።

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይሄ እኮ ለእኔ ነው የሚመሰክረው! አይጥ የሐበሻ ጉበት አለው? ቺፕ ላይ ቢያንስ የሐበሻ ሴል ማስገባት ይቻላል።

በጣሽ ቅጠል፦ ማን ያስገባልናል? እኔ አንድ ኬሚካል ለማስመጣት ስድስት ወር ጠብቄያለሁ። በመሀል መብራት ይሄዳል። ሴል እንደ አይጥ ሽንብራ እየበላ አይጠብቅሽም፣ ፍሪጁ ሲሞት አብሮ ይሞታል። አይጧን ማን ወደዳት? ያለችን እሷ ናት።

የአድዋ ልጅ፦ እንዶድን ረሳችሁት? በ1964 ተመራማሪው አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ወንዙ ውስጥ የሞተ ቀንድ አውጣ አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው፣ ማጥፊያው ደጃችን ላይ ማለት ነው። ከዚያ በውጭዎቹ «መርዛማነቱ በኛ ላብራቶሪ ደረጃ ይፈተሽ» ተባለና ዓመታት ተጓተተ፣ እስከ ካናዳ ድረስ ተሂዶ ነው የተፈተሸው። እናቶቻችን በባዶ እጃቸው ስንት ዘመን ያሹትን! አሁን እኛ መስፈርቱን ለምደን አይጥ ስንቆጥር መስፈርቱን ቀየሩት። ስንደርስ ሁሌ ወንበሩ ይነሳል።

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እንዶድ ዓሣ ይገድላል እኮ። ወንዝ ውስጥ ሊበተን ነው፣ መጠየቃቸው ምን ነውር አለው?

የአድዋ ልጅ፦ ዓሣ ሰው አይደለም።

ሸገር፦ ኧረ ገደላት!

ጋሼ ፋርማሲ፦ «ስንት ዘመን ያሹትን» የሚለውን ግን ተጠንቀቅ ልጄ። ኮሶንም ስንት ዘመን ጠጣን። መጠኑ አልፎባቸው ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች አሉ።

የአድዋ ልጅ፦ ጋሼ፣ እንዶድን ከኮሶ ጋር ምን አገናኘው? አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ ልብስ ያጥባል።

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔም ይሄን ነው የምለው፣ ሁሉን ነገር ታደባልቃላችሁ።

በጣሽ ቅጠል፦ አንቺ መጀመሪያ «ቅርጫት» ያልሽውን አንሺ።

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ አላነሳም። ሌላ ቀን ደግሞ ስለ አይጦቹ ስቃይ እጽፋለሁ፣ እስካሁን አንዳችሁም አላነሳችሁትም።

ሸገር፦ ቤቷ ወጥመድ የሌላት ይመስል።