የጧፍ ሰም በማጣሪያ ወረቀት ላይ፦ ፈሳሹ ድንበሩን እየጣሰ አስቸገረኝ

መምህር ከአዘዞ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር አዘዞ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በሃርቫርድ የጆርጅ ኋይትሳይድስ ቡድን በ2007 እ.ኤ.አ. ወረቀት ላይ ጠባብ መንገድ አበጅቶ፣ በጥቂት ፈሳሽ ስኳርንና ፕሮቲንን በአንድ ጊዜ መለየቱን ካነበብሁ ወዲህ ለተማሪዎቼ ሳላሳይ ማረፍ አልቻልሁም። ፓምፕ የለው፣ መብራት አይሻ፤ ወረቀቱ ራሱ ይስባል። ለእኛ ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

በጧፍ ሰም ሦስት ክንፍ ያለው መንገድ አሰመርሁ። በአንዱ ክንፍ ጫፍ የሎሚ ጭማቂ፣ በሌላው የአመድ ውሃ አደረቅሁ፤ ሦስተኛውን ባዶ ተውሁት። ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁትን ከርከዴ (ኮምጣጣ ወይም የአመድ ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ ቀይ አበባ ነው) አፍልቼ፣ መሐሉ እንዳይደርቅ በጠብታ በጠብታ እጨምራለሁ። ከርከዴው ግን ከሰሙ ሥር ሾልኮ ይወጣል። ወረቀቱን ስገለብጠው ጀርባው ቀይ በቀይ ሆኗል። ደግሞም ሁለት ሳንቲሜትር በግማሽ ደቂቃ ሄዶ፣ አራተኛው ላይ ለመድረስ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ምን አጠፋሁ?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
መምህር፣ ሰሙ ላይ ላዩን ቀርቷል እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ጧፉን እንዳለ አይጠቀሙበት፤ ክሩ መስመሩን ያቆራርጠዋል። ሰሙን በጣሳ አቅልጠው በቀጭን ብሩሽ ያስምሩ፤ ከዚያ በሁለት ነጭ ወረቀት መካከል አድርገው ለብ ባለ ካውያ ይጫኑት። የንብ ሰም በ63 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ብዙ ሙቀት አያስፈልግም። ጀርባው ቅቤ እንደነካው ወረቀት ወዝ ሲል ዘልቋል ማለት ነው። ሰሙ ወደ ጎንም ስለሚሰፋ፣ ሦስት ሚሊሜትር መንገድ ከፈለጉ አምስት አድርገው ይጀምሩ።

ለተማሪዎችዎ የወባ ፈጣን መመርመሪያን ያሳዩልኝ። ጠብታ ደሙን ይዞ የሚሄደው ነጭ ቁራጭ የሚስበው በዚሁ መንገድ ነው። እኔ በየቀኑ እይዘዋለሁ፤ አሁንም መስመሩ ብቅ ሲል ያስደስተኛል።

ፊዚክስ አስተማሪ፦
ስለ ፍጥነቱ ልመልስ። መዘግየቱ በአብዛኛው ጥፋት አይደለም። በ1921 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ዋሽበርን ያስቀመጠው ሕግ አለ፦ ፈሳሹ በሄደ ቁጥር ከኋላው የሚጎትተው እርጥብ መንገድ ይረዝማል፣ የሚስበው ኃይል ግን ያው ነው። ስለዚህ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። የእርስዎ ግማሽ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ መሆን ነበረበት። ከዚያ በላይ የፈጀውን የበላው ትነት ይመስለኛል፤ የጥር አየር እንዴት ደረቅ እንደሆነ ያውቁታል። ወረቀቱን እርጥብ ጥጥ ካለበት ሳህን ጋር በብርጭቆ ክዳን ይሸፍኑት። ክንፎቹንም ያሳጥሯቸው።

መምህር ከአዘዞ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁለታችሁም ያላችሁትን ዛሬ አደረግሁ። ክንፎቹን ሁለት ሳንቲሜትር አድርጌ፣ በካውያ ጫንሁ፣ ሸፈንሁ። ጀርባው ንጹሕ ወጣ። የሎሚው ጫፍ ደማቅ ቀይ፣ የአመዱ ጫፍ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ የኋላ ወንበር ተማሪዎች ሳይቀሩ ተነሥተው ዙሪያዬን ከበቡኝ። አንዲት ልጅ የቤታቸውን የጉድጓድ ውሃ በጠርሙስ ይዛ መጥታ እንሞክረው ብላኛለች። ሐሙስ በእሱ እንጀምራለን።