ክርክር፦ የድሬስደኑን ፍራውንኪርሸ መልሶ መገንባት ልክ ነበር?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ርዕስ ከጀርመን ነው። ፍራውንኪርሸ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው፤ እምነቱ ግን ሉተራን (ፕሮቴስታንት) ነው። የባሮክ ዘመን ሥራ ነው፣ ከ1726 እስከ 1743 ተሠራ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ)። በፌብሩዋሪ 1945 ከተማዋ በቦምብ ስትነድ ሁለት ቀን ቆሞ ወደቀ። ከ40 ዓመት በላይ የድንጋይ ክምር ሆኖ ኖረ። ከዚያ ከ1994 እስከ 2005 እንደ ጥንቱ ተገነባ። ልክ ነበር ወይስ ፍርስራሹ መቅረት ነበረበት? ስድብ የለም!

የበርሊኗ፦ መቅረት ነበረበት። እኛ ከተማ የካይዘር ቪልሄልም ቤተ ክርስቲያን ማማው እንደተቦደሰ ቆሟል። አዲሱን ከጎኑ ሠሩት። ቀና ብሎ ያየ ሰው አስረጂ አይፈልግም። ድሬስደን ግን ቱሪስቱ ቡናውን ይዞ ፎቶ ይነሣል። ጦርነት የሚባል ነገር ያልነበረ ይመስላል።

አናጢው፦ እህቴ፣ የበርሊኑ ማማ እኮ ቆሞ ነው የተረፈው። የድሬስደኑ ሁለት ቁራጭ ግድግዳና ክምር ብቻ ነበር። የጠፋውን ነገር እይው። ጌኦርግ ቤር የተባለ አናጢ ነው የነደፈው (እኔም ቅጽል ስሜን ከሱ ነው የወሰድኩት)። ጉልላቱን ከድንጋይ አደረገው። 12,000 ቶን ገደማ፣ በስምንት ምሰሶ ላይ! ቅርጹ ደወል ስለሚመስል ሰዉ የድንጋይ ደወል ይለዋል። በ1760 የፕሩሺያ መድፍ ደብድቦት ንቅንቅ አላለም። ቤር ግን መጨረሻውን ሳያይ በ1738 ሞተ።

ዲያቆኑ፦ ትርጉሙም አይረሳ። የሳክሶኒ (የድሬስደን ግዛት) ገዥ አውግስጦስ የፖላንድን ዘውድ ሲፈልግ በ1697 ካቶሊክ ሆነ። ሕዝቡ ሉተራን እንደሆነ ቀረ። ከተማው ይሄን የሚያህል ሕንፃ ሲያቆም ለገዥው መልስ መስጠቱም ነበር። ውስጡ ረጅም አዳራሽ የለም። ሰገነቶቹ ዙሪያውን ተደራርበው ሁሉም ሰባኪውን ያያል፣ ይሰማል። ከመሠዊያው በላይ ኦርጋን አለ። የእኛ ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያለ ምስጢሩን ወደ ውስጥ ይሸሽጋል። እነሱ ያንኑ ክብ ለመግለጥ ተጠቀሙበት። ይሄ የሚገባህ ገብተህ ስትቀመጥ ነው። ክምር ላይ አይታይም።

የበርሊኗ፦ ውበቱን መቼ ካድኩ? ምሥራቅ ጀርመን እያለች ከ1982 ጀምሮ ወጣቶች ድብደባው በጀመረበት ቀን፣ ፌብሩዋሪ 13፣ ሻማ ይዘው የሚመጡት ወደዚያ ክምር ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ እንኳ ግንባታውን ለመቀበል መጀመሪያ ላይ አመንትታለች። ደግሞስ 180 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ!

የድሬስደኑ ልጅ፦ ከግማሽ በላዩ መዋጮ ነው፣ ከእንግሊዝም ጭምር። ጉልላቱ ጫፍ ላይ ያለውን መስቀል የሠራው የለንደን አንጥረኛ፣ አባቱ ከተማዋን ከደበደቡት አብራሪዎች አንዱ ነበር። አሮጌው መስቀል ከፍርስራሹ ወጥቶ ውስጥ ቆሟል፤ ሙቀት እንዳገኘው ጧፍ ተጣሟል። ግድግዳው ደግሞ ዝንጉርጉር ነው። ነጣ ባለው አዲስ ድንጋይ መሀል ጥቋቁሩ አሮጌ እዚህም እዚያም ተሰክቷል። የአሮጌው ጠርዝ ተሸርፏል፣ የአዲሱ ስል ነው። መዳፌን አድርጌበት አውቃለሁ። ጠባሳው እዚያው አለ።

የበርሊኗ፦ ጥቁሩ የቃጠሎው ጥላሸት ነዋ?

አናጢው፦ እሱ ብቻ አይደለም። የኤልበ ወንዝ አካባቢ አሸዋ ድንጋይ ብረት ስላለበት ዕድሜ ሲጫነው ራሱ ይጠቁራል። አዲሱም ቀስ እያለ ይጠቁራል።

የበርሊኗ፦ በቃ! ያኔ ሁሉም አንድ መልክ ሊሆን ነው። ጠባሳችሁን ማን ያየዋል?

የድሬስደኑ ልጅ፦ እኔ እስክሞት ይቆያል።

የበርሊኗ፦ ልጅህስ?

አናጢው፦ ይህቺን ነጥብ አላሰብኳትም ነበር። መስቀሉ አለ፣ ግን እሱን ለማየት መግባት አለበት። ከውጭ ለሚያልፈው ግድግዳው ዝም ይላል። እዚህች ላይ ረትተሽኛል፤ ግንባታው ላይ ግን አልለቅም።