ክርክር፦ የቀይ ቀበሮን ዘር በናይትሮጅን ማስቀመጥ ያድነዋል ወይስ ያዘናጋናል?

የደባርቅ ልጅ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች። ቡና ላይ የጀመርነውን እዚህ እንቀጥለው። በዓለም የቀረው ቀይ ቀበሮ ከ500 በታች ነው። ሁሉም ያለው እኛው ሀገር ነው። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፣ የሰሜን ተራሮች ድርሻ መቶ እንኳን አይሞላም። በየትኛውም መካነ አራዊት ውስጥ አንድም የለም። ተራራው ላይ ካለቀ አለቀ ማለት ነው። ታዲያ ሞቶ ከተገኘው ላይ የዘር ፍሬና ቁራጭ ቆዳ ወስደን ለምን አናስቀምጥም? ለላም ስናደርገው ኖረናል እኮ! ልጅ ሆኜ የአያቴ ላም ኮርማ ፈልጋ ስትጮህ አዳቃዩ የናይትሮጅን ዕቃውን (ናይትሮጅኑ የኮርማውን ዘር አቀዝቅዞ የሚያቆይ በጣም ቀዝቃዛ ፈሳሽ ነው) ሞተር ላይ አስሮ ይመጣ ነበር። ክዳኑን ሲከፍተው ነጭ ጭስ ይወጣል። አፌን ከፍቼ አይ ነበር።

እትዬ ከአዘዞ፦
ልጄ፣ ሐሳብህ መልካም ነው። ግን ቀበሮውን የሚገድለው ምንድን ነው? የኛው ውሻ አይደለም? እረኛው ወደ ጓሳው ሲወጣ ውሻው ይከተላል። እብደቱን ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ውሻው ይከተብ።

የእንስሳት ሐኪም፦
እትዬ ልክ ነዎት። ባሌ ላይ በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቷል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። መንጋ መንጋውን ነው የጨረሰው።

ወንድሜ፣ የላሟን ነገር ግን ልመልስልህ። ላም በየሦስት ሳምንቱ ኮርማ ትፈልጋለች። ቀይ ቀበሮ በዓመት አንዴ ናት፣ ከመንጋው ደግሞ በአብዛኛው የምትወልደው ዋናዋ ሴት ብቻ ነች። በዚያ ላይ የውሻ ዘመዶች እንቁላል ሲወጣ ገና ጥሬ ነው፣ ቀናት ቆይቶ ነው የሚበስለው። ለዚህ ነው ከማህፀን ውጭ ተዳቅለው የተወለዱ የመጀመሪያዎቹ ቡችሎች እስከ 2015 የቆዩት። ሰው በዚያ መንገድ መወለድ የጀመረው በ1978 ነው! ከዚህም በላይ፣ እኛ ጋ ተይዛ የምትኖር ሴት ቀበሮ የለችም። ማንን ልታዳቅል ነው?

የደባርቅ ልጅ፦
ዶክተር፣ ዛሬ እናዳቅል አላልኩም። እናስቀምጥ ነው ያልኩት። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር እግር ፌሬት የሚባል ትንሽ ሥጋ በል አለ። ዛሬ ያለው ሁሉ ከ7 እንስሳት ብቻ የመጣ ነው። ግን አንድ ሰው በ1988 ከሞተች ሴት ፌሬት ላይ ሴል ወስዶ አስቀመጠ። በ2020 ከዚያ ሴል አንዲት ግልገል ተፈጠረች። ከዚሁ ሴል የተገኘች ሌላዋ ደግሞ በ2024 ወለደች። ያ ሰው ያኔ "ምን ያደርጋል" ቢል ኖሮ ያ ዘር ጠፍቶ ነበር።

ፓርክ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ፦
እኔ ስለ ቤተ ሙከራ አላውቅም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠዋት ውርጩ ሳይቀልጥ ቀበሮው አይጥ ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ጆሮውን ወደፊት ያደርጋል። አይንቀሳቀስም። ከዚያ ዘሎ ይወድቅበታል። ግልገሎቹ ይህንን ከማን ይማራሉ? የሚያሳድጓቸው እናታቸው ብቻ አይደለችም፣ መንጋው ሁሉ ይመግባቸዋል። በ2022 ቻይና ውስጥ በሴል የተሠራ ነጭ ተኩላ ቢግል ውሻ ነች የወለደችው። እኛ ጋ ውሻ ብትወልደው፣ ማን አደን ሊያስተምረው ነው?

እትዬ ከአዘዞ፦
ተባረክ! እኔም ይኼንን ነበር ማለት የፈለግሁት።

የእንስሳት ሐኪም፦
እኔም ሐሳቤን ትንሽ ላስተካክል። የስፔኑ ሊንክስ (የድመት ዘመድ የሆነ የዱር እንስሳ) በ2002 ከ100 በታች ነበር፣ ዛሬ ከ2,000 በላይ ነው። ተይዘው የተወለዱትም በተፈጥሮ መንገድ ነው የተዳቀሉት። ምግቡ የሆነው ጥንቸል ተመለሰ፣ ግልገሎቹም ተለቀቁ። ስለዚህ ብር ካለ መጀመሪያ ውሻ ይከተብ፣ ገብስ እርሻው ጓሳውን መብላቱን ያቁም። ባሌ ላይ ከ2018 ጀምሮ ክትባቱ በሥጋ ውስጥ ሆኖ ለቀበሮው ራሱ ይሰጣል።

ግን ቆዳ ማስቀመጡን አልቃወምም። የሚፈልገው ምላጭ፣ ንጹሕ ብልቃጥና ፈጥኖ የሚደርስ ሰው ነው። በ2020 እዚሁ ሰሜን ተራሮች ላይ በጥይት የተመታ ወንድ ቀበሮ ታክሞ ከ51 ቀን በኋላ ተለቋል። ስሙንም "ተረፈ" አሉት። ይህ ከተቻለ የጆሮ ጫፍ ቆርጦ ማስቀመጥ አያቅትም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ናይትሮጅኑ በየጊዜው ካልተሞላ ሁሉም ይበላሻል። የላሙ ስንቴ ነው በናይትሮጅን እጥረት የቆመው?

የደባርቅ ልጅ፦
እሺ፣ በቅደም ተከተሉ ተስማማሁ። ክትባቱ ይቅደም። ግን ጋሼ አስጎብኚ፣ ሞቶ የተገኘ ቀበሮ ስታዩ ለማን ነው የምትደውሉት?

ፓርክ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ፦
ለስካውቱ፣ ለፓርኩ ጠባቂ። እሱ ደግሞ ኔትወርክ ወዳለበት ይወጣል። እስከዚያ ጥንብ አንሳው ይቀድመናል።

እትዬ ከአዘዞ፦
በሉ እንግዲህ፣ ከዚያ ጀምሩ። የሰፈሬን ውሾች እኔው እየጎተትኩ ለክትባት አመጣቸዋለሁ። ቀኑን ብቻ ንገሩኝ።