ለደብል ጋቢና ፒክአፕ የትኛው ሊፍት ኪት ይሻላል፦ 2 ኢንች፣ 4 ኢንች ወይስ ስፔሰር ብቻ?

ባለ ደብል ጋቢና (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ሊፍት ኪት (መኪናውን ከፍ የሚያደርግ የዕቃ ስብስብ) ለማስገጠም ካሰብኩ ወራት አልፈዋል፤ ነገር ግን ባነበብኩ ቁጥር ግራ መጋባቴ እየባሰ ስለመጣ ምክራችሁን ለመጠየቅ ወሰንኩ። መኪናዬ ፎር ዊል ደብል ጋቢና ፒክአፕ ሲሆን፣ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱና ሞላቸው በሾክ አብዞርበሩ ዙሪያ የተገጠመ፣ ኋላው ደግሞ ወጥ አክስል በባሌስትራ ላይ የተቀመጠበት ነው። ከፊት የብረት ፓራውልትና ዊንች (በገመድ መጎተቻ) አስገጥሜያለሁ፤ የጭነት ቦታው ክዳን አለው፣ በውስጡም የሥራ ዕቃ ሳጥን፣ ተጨማሪ ትርፍ ጎማና የውሃ ጀሪካኖች ሳይወርዱ ይከርማሉ። በዚህ ምክንያት ኋላው ተቀምጦ ቀርቷል፤ የከባድ መኪና ጎማ ቦይ ባወጣበት መንገድ ላይ ስሄድም ሆዱ መሬቱን መፋቅ ጀምሯል።

ሦስት አማራጮች ቀርበውልኛል። የመጀመሪያው ከፊት ሞላ በላይ የሚገባ ስፔሰር (ወፍራም ቀለበት) ብቻ አስገብቶ በርካሽ መገላገል ነው። ሁለተኛው ሞላ፣ ሾክ አብዞርበርና ባሌስትራ የተሟሉበት የ2 ኢንች ኪት ሲሆን፣ ሦስተኛው 4 ኢንች የሚያነሳው ነው። ጎማውንም ከ265/65 ወደ 285/70 ለማሳደግ አስቤያለሁ፤ ቸርኬው ባለ 17 ኢንች ነው። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ 4 ኢንቹ ያደላል፤ ገንዘቡ ከወጣ አይቀር ብዬ ነው። ከእሱ ጋር ተከትለው የሚመጡ ችግሮች ካሉ ከአሁኑ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የጋራዥ ሰው፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን የጀመሩት ከከፍታ ነው፤ እኔ ግን ከክብደት እንዲጀምሩ እመክርዎታለሁ። ኪቱ ላይ የተጻፈው «2 ኢንች» የሚገኘው ሞላው የተሠራለት ክብደት ሲጫንበት ብቻ ነው። ዊንች ለሌለው መኪና የተሠራ ሞላ የእርስዎ መኪና ላይ ቢገባ አንድ ኢንች እንኳ ላያነሳ ይችላል፤ ለከባድ ፓራውልት የተሠራው ደግሞ ባዶ ፊት ላይ ከገባ ከተባለው በላይ ያነሳና በየጉድጓዱ ጥርስ እስኪንገጫገጭ ያናውጣል። ስለዚህ አንድ ቀን ወደ መኪና ሚዛን ይሂዱና የፊቱን አክስል ለብቻ፣ የኋላውንም ለብቻ ያስመዝኑ። ሲያስመዝኑ ነዳጁ ሞልቶ፣ ሳይወርድ የሚከርመው ዕቃ ሁሉ ተጭኖ፣ እርስዎም መሪው ላይ ተቀምጠው ይሁን። ጠቅላላው ክብደት ፋብሪካው ለመኪናው ከፈቀደው ጋር መመሳከር አለበት፤ ባሌስትራው ስለጠነከረ ፍሬኑ፣ አክስሉና ሻንሲው አብረው አይጠነክሩምና።

ከዚያ ሜትር ይያዙና ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማ ይለኩ። ከመሬት ጀምረው የሚለኩ ሰዎች አሉ፤ የጎማው ንፋስና ማለቅ ልኩን ስለሚያዛባው አይጠቅምም። ይህ ልክ ከተገጠመ በኋላ በትክክል ስንት እንደተነሳ የሚያሳይዎት ብቸኛ ማስረጃ ስለሆነ ጽፈው ያስቀምጡት።

ስፔሰሩን በተመለከተ፣ እኔ ለእርስዎ መኪና አልመክረውም። ከሾክ አብዞርበሩ ራስ በላይ የሚገባው ዓይነት ሞላውን አይለውጠውም፤ የደከመው ሞላ እንደደከመ ከነሾክ አብዞርበሩ ወደ ታች ይገፋል እንጂ። በእንዲህ ዓይነቱ የፊት አሠራር ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ የሚያርፈው ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በመሆኑ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፔሰር ጎማው ዘንድ ሲደርስ በግምት ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ይህን ሳያውቁ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ገዝተው የሚመጡ ደንበኞች አጋጥመውኛል። ጎማው ተንጠልጥሎ ሲወርድ ደግሞ ፋብሪካው ካሰበው በላይ ስለሚወርድ፣ ቦል ጆይንቱና (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) ሲቪ ጆይንቱ (ኃይል ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው ዘንግ መታጠፊያ) ያልተሠሩበት ማዕዘን ላይ ይደርሳሉ።

4 ኢንቹ ላይ የሚመጣው ችግርም ከዚሁ የተያያዘ ነው። የፊት ዲፈረንሻሉ ሻንሲው ላይ የታሰረ ስለሆነ ሻንሲው ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ ጎማዎቹ ግን ታች ይቀራሉ። ስለዚህ ኃይል አስተላላፊዎቹ ዘንጎች ወደ ታች አዘቅዝቀው ይዞራሉ፤ የሲቪ ጆይንቱ ላስቲክ እጥፋቶቹ እርስ በርሳቸው ይፋተጉና ይቀደዳል፣ ቅባቱ ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ የቀረውን ይገምቱት። እስከ 2 ኢንች ያለውን አብዛኞቹ መኪኖች ይችሉታል። ከዚያ በላይ ከተሄደ ዲፈረንሻሉን ዝቅ የሚያደርግ ማሰሪያና ማዕዘናቸው የተስተካከለ የላይ ክንዶች ያስፈልጋሉ፤ አለበለዚያ ዊል አላይመንቱ ወደ ልኩ አይመለስም።

ሩቅ መንገደኛ፦

የጋራዥ ሰው የተናገሩትን በራሴ ላይ ስለደረሰ ላረጋግጥ። የእኔ መኪና ፊቱም ኋላውም ወጥ አክስል በሞላ ላይ የተቀመጠበት ነው፤ ስለዚህ የሲቪ ጆይንቱ ማዕዘን አያሳስበኝም ብዬ በልበ ሙሉነት 4 ኢንች አስነሳሁ። መኪናው አምሮ ወጣ፤ አስፋልት ላይ በ80 ስነዳ ግን መሪው ይዋልል ጀመር። ከመታጠፊያ ስወጣ ወደ መሃል አልመለስ ይለኛል፣ ቀጥታው መንገድ ላይም ያለማቋረጥ ማረም ነበረብኝ። ምክንያቱ የካስተር ማዕዘን መቀነሱ ነበር፦ መኪናው ሲነሳ አክስሉን የሚይዙት ክንዶች ወደ ታች ስለሚያዘቀዝቁ አክስሉ ራሱ ወደ ፊት ይዞራል፤ መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው ዘንበልታም አብሮ ይጠፋል። ማስተካከያ ጎሚኒ (የክንዶቹ መጋጠሚያ ላስቲክ) ተገዝቶ እስኪገባ ድረስ የረጅም መንገድ ደስታዬ ጠፋ። አክስሉን በአግድም የሚይዘው ዘንግም ርዝመቱ ስላልተስተካከለ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ስቦት ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ፍሬኑ ነበር፤ ይህ ጠያቂውንም ሊመለከት ስለሚችል በደንብ ያንብቡት። በብዙ ፒክአፖችና የመስክ መኪኖች ላይ ከሻንሲው ጋር የታሰረ፣ በቀጭን ዘንግ ከኋላ አክስሉ ጋር የተገናኘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ዕቃ ተጭኖ ኋላው ሲቀመጥ ዘንጉ ይገፋና ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ሲሆን ይቀንሳል። መኪናው ሲነሳ ሻንሲው ከአክስሉ ስለሚርቅ፣ ቫልቩ ጭነት የወረደ ይመስለዋል። እኔ ሙሉ ጭነት ይዤ ቁልቁለት ስወርድ አፍንጫው እየተደፋ የኋላው ፍሬን እንዳለ እንኳ አይሰማኝም ነበር። ኪቱን የገጠመልኝ ጋራዥ የቫልቩን ማሰሪያ በተነሳው ልክ ሳያስተካክል ነበር የሰጠኝ፤ ያወቅሁትም ሌላ መካኒክ ከሥር ገብቶ ዘንጉ ወደ ታች ተጎትቶ መቅረቱን ሲያሳየኝ ነው።

ጎማ ይበቃል፦

የብዙዎቹን አስተያየት አከብራለሁ፤ ይሁንና አንድ ነገር ሲነሳ አላየሁም። ወጥ አክስል ያለው መኪና በሊፍት ኪት የፈለገውን ያህል ቢነሳ፣ የኋላ ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ሚሊ ሜትር አይጨምርም፤ የሚያነሳው ጎማው ብቻ ነው። የጎማ ቦይ መሃል ያለው ጉብታ መጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያንኑ ዲፈረንሻል ነው። ሊፍት ኪት የሚያነሳው ሻንሲውንና በሻንሲው ላይ የታሰረውን ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የሚፋቀው የትኛው ክፍል እንደሆነ ከሥር ገብተው ጭረቱን ይመልከቱ።

ስለ ጎማው ልክ ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ ነው)። 265/65 በ17 ቸርኬ 776 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ 265/70 ወደ 803፣ 285/70 ደግሞ ወደ 831 ይደርሳል። ከመሬት የሚገኘው ጭማሪ የልዩነቱ ግማሽ ብቻ ነው፤ ማለትም በመጀመሪያው 13፣ በሁለተኛው 27 ሚሊ ሜትር። በ285ቱ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 100 ሲያሳይ መኪናው በእውነቱ 107 ላይ ነው ማለት ነው፤ ማርሹም በዚያው ልክ ስለሚረዝም ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ሲወጣ ይታወቃል። በ265/70 ልዩነቱ ከመቶ ሦስት ተኩል ገደማ ስለሆነ እምብዛም አያስቸግርም። 285ቱ ግን መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ከፓራፋንጎው ውስጠኛ ላስቲክ ጋር መነካካቱ ስለማይቀር፣ ቆርጦ ማስተካከልን ይጠይቃል። እኔ ብሆን 265/70 ላይ እቆማለሁ።

ባለ ደብል ጋቢና (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ የጋራዥ ሰው እንዳሉት አስመዝኜ መጣሁ፦ ፊቱ 1,240፣ ኋላው ከነዕቃው 1,180 ኪሎ ግራም ሆነ፤ ከተፈቀደው በታች ነው። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ፊቱ 48፣ ኋላው 51 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሥር ገብቼ ሳይ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ላይ ጭረት አላገኘሁም፤ የተፋቀው የነዳጅ ታንኩ መከላከያ ብረትና የደረጃው ታችኛ ጠርዝ ነው። 4 ኢንቹን ትቼዋለሁ። አሁን የቀረኝ ጥያቄ አንድ ወዳጄ ባሌስትራውን ሳልቀይር በላዩ የሚነፋ የአየር ከረጢት ላስገባበት ማለቱ ነው። ስለ ሾክ አብዞርበሩ ዓይነትም ብትነግሩኝ።

የጋራዥ ሰው፦

ጭረቱ ሻንሲው ላይ በታሰሩት ክፍሎች ላይ ከሆነ ሊፍት ኪቱ በትክክል ይጠቅምዎታል። የአየር ከረጢቱን ግን ዘወትር ዕቃ ለሚጭን ደብል ጋቢና አልወደውም። ባሌስትራ ጭነቱን ወደ ሻንሲው የሚያስተላልፈው በፊትና በኋላ ጫፎቹ፣ በሁለት ቦታ ነው። ከረጢቱ ከአክስሉ በላይ ሲነፋ ግን ያንኑ ጭነት አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል፤ ከአክስሉ ኋላ ከባድ ዕቃ ተንጠልጥሎ ኮረኮንች ላይ ሲነዳ፣ ሻንሲው የሚታጠፈው እዚያው ነጥብ ላይ ነው።

ፊቱን ለብረት ፓራውልትና ዊንች በተመደበ ሞላ፣ ኋላውን ደግሞ ሳይወርድ የሚከርመውን ክብደት ብቻ ታስቦ በተሠራ ባሌስትራ ይውሰዱ፤ አልፎ አልፎ የሚጭኑትን አይቁጠሩበት፣ እሱን የባሌስትራው የታችኛው ወፍራም ረዳት ቅጠል ይሸከመዋል። ለከፍተኛው ጭነት የተሠራውን ከገዙ ሳጥኑን ያወረዱ ቀን ኋላው እንደ ፌንጣ ሲዘል ያገኙታል።

ሾክ አብዞርበር ላይ ሰው ብዙ ይከራከራል። ባለ አንድ ቱቦው ዘይቱን ከናይትሮጂኑ በተንሳፋፊ ፒስተን ስለሚለይና ግድግዳው አንድ ብቻ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፤ ረጅም ኮረኮንች ላይ አይደክምም። ነገር ግን ፒስተኑ የሚሮጠው በዚያው በውጭው ግድግዳ ውስጥ ስለሆነ፣ ድንጋይ ተፈናጥሮ ቢያጎደጉደው ፒስተኑ ይነክሳል። ባለ ሁለት ቱቦው ውጫዊው ቢጎደጉድም የውስጠኛው ይሠራል፤ በጋዙ ቦታ ስፖንጅ መሰል ፎም ያለበት ከሆነ ደግሞ ዘይቱ አረፋ አይሠራም። ድንጋይ ለበዛበት ሥራ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሩቅ መንገደኛ፦

በዚህ አልስማማም፤ ባለ አንድ ቱቦውን ድንጋያማ መንገድ ላይ ለዓመታት ነድቼበት አንድም ጊዜ አልጎደጎደብኝም። ኮረኮንች ላይ ዘይቱ ግሎ መኪናው እንደ ጀልባ ሲዋዥቅ ግን በቀድሞው ሾክ አብዞርበሬ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

የጋራዥ ሰው፦

መንገዱ ይለያያል፤ ረጅሙን ኮረኮንች በፍጥነት ለሚነዳ ሰው የእርስዎ ምርጫ ትክክል ነው።

ለጠያቂው ስለ ገጠማው አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ አዲስ ኪት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው እንደተንጠለጠለ የክንዶቹና የባሌስትራው ቡሎኖች እስከ መጨረሻው መጠበቅ የለባቸውም። ጎሚኒው በተጠበቀበት ቦታ ስለሚነክስ፣ መኪናው መሬት ሲወርድ ዘወትር እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥም ይተረተራል። በእጅ ያዝ ተደርገው፣ መኪናው በአራት ጎማው ከቆመና ወደ ላይና ወደ ታች ከተናጠ በኋላ ነው መጥበቅ ያለባቸው። ባሌስትራውን ከአክስሉ የሚያስሩት ዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች አዲስ ይሁኑ፤ 500 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም ዳዶዎቹ እንደገና ይፈተሹ። የፍሬን ቫልቩን ነገር ከላይ ሰምተዋል። የፊት መብራቱንም ዝቅ አስደርጉት፤ የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል።

ባለ ደብል ጋቢና (ጠያቂ)፦

ባለ 2 ኢንቹ ከባለ ሁለት ቱቦ ሾክ አብዞርበርና ከ265/70 ጎማ ጋር ተገጠመ። ልኩ አሁን ከፊት በቀኝ 53.1፣ በግራ 52.2፣ ከኋላ በሁለቱም በኩል 55.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የፍሬን ቫልቩም ተስተካክሏል። መኪናው በነዳጅ ሙሉ ሆኖ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ቢቆምም ግራው በ9 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። ሞላው ደክሞ ይሆን?

የጋራዥ ሰው፦

አልደከመም። የሞላዎቹን መለያ ምልክት ይመልከቱ፤ አንዳንድ ኪቶች መሪውና ባትሪው ያሉበትን ጎን ክብደት ለማካካስ አንዱን ሞላ ትንሽ ረዘም አድርገው ይሠሩታል፣ ገጣሚዎችም ያቀያይሩታል። ረጅሙ ቀኝ ላይ ከተገኘ ሁለቱን አለዋውጠው እንደገና ይለኩ። ዊል አላይመንቱን የሚያሠሩት ግን ከዚያ በኋላ ይሁን።