የድሮ ገንዘብ ለሚሰበስቡ አባታችን ከአታላይና ከሌባ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እናድርግላቸው?

የሆጤዋ ልጅ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አባቴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ መምህር ሲሆኑ፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የድሮ ገንዘብ ሲሰበስቡ ኖረዋል። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፣ የዐፄ ምኒልክ ብር፣ አላድና ግርሽ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጡት የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መቶኛዎች፣ እንዲሁም 1936 የሚል ዓመት ያለበት የብር 50 ሳንቲም አላቸው። ሁሉንም በጨርቅ ቋጥረው ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጧቸዋል፤ ስንት እንደሆኑና የትኛው ከየት እንደተገኘ የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን እኛ ሥራ በምንውልበት ሰዓት አንድ ወጣት ቤት ድረስ እየመጣ «አዲስ አበባ ገዢ አለኝ፤ መጀመሪያ ወስጄ ላጽዳልዎትና ልመልስ» ይላቸዋል። ሌላው ደግሞ በስልክ ብቻ የሚገኝ ሰው ነው፤ «ከያዙት ውስጥ የአክሱም ዘመን ሳንቲም ስላለበት በሕግ ይጠየቃሉ፤ ነገሩ በዝምታ እንዲያልቅ በሞባይል ገንዘብ ይላኩ» እያለ ያስፈራራቸዋል። አባቴ እስካሁን ምንም አልሰጡም፤ ነገር ግን እንቅልፍ አጥተዋል። ንብረታቸውን የነጠቅናቸው ወይም እንደ ሕፃን የቆጠርናቸው ሳይመስላቸው ልንጠብቃቸው የምንችልበትን መንገድ የምታውቁ ብትመክሩን እናመሰግናለን።

አንጥረኛው (ኮምቦልቻ)፦

እኅቴ፣ ለአባትዎ አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥልን። በእኔ ሙያ ዓይን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው «ላጽዳልዎት» የሚለው ነው። የድሮ ብር በአመድ ወይም በሎሚ ሲታሽ ይፈካል፤ ይሁን እንጂ ፊደሉና ምስሉ እየተላገ ስለሚሄድ ሰብሳቢ የሚከፍልበትን ዋጋ ያጣል። ገንዘቡን የሚያውቅ ገዢ ጥቁረቱን ስለማይነካ፣ ላጽዳ የሚል ሰው ወይ ሙያውን አያውቅም፣ ወይ ደግሞ የፈለገው ከቤት ማውጣቱን ብቻ ነው።

ከወጣ በኋላ በምትኩ ሌላ ቢመለስስ በምን ይታወቃል? ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ከሞቱ በኋላም ጠገራ ብሩ 1780 የሚለውን የፈረንጅ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይም ጭምር ሲመታ ስለኖረ፣ አሮጌውን ወስዶ የቅርብ ጊዜውን መመለስ ይቻላል፤ የተመለሰውም እውነተኛ ብር ስለሚሆን ሚዛን ብቻውን አያጋልጠውም። ስለዚህ እያንዳንዱን በሁለቱም ፊትና በጠርዙ በኩል፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶግራፍ አንሱት፤ ክብደቱንም በወርቅ ቤት ሚዛን እስከ አንድ አሥረኛ ግራም ድረስ መዝግቡ። ጭረት፣ ለአንገት ጌጥ የተበሳ ቀዳዳ ወይም የተበየደ ማንጠልጠያ ካለው እሱን በተለይ ጻፉ። በእኛ አገር ጠገራ ብር ጌጥ ሆኖ ስለኖረ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ምልክት አላቸው፤ ሌባ በቀላሉ ሊያስመስለው የማይችለውም ይህንን ነው።

ፎርጅዱን ለመለየት ደግሞ፣ ደኅናው ጠገራ ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ከመቶው 83 እጅ ያህሉም ንጹሕ ብር ነው፤ ብዙ እጅ የዞረው በመፋቅ ትንሽ ሊቀል ይችላል። በጠርዙ ዙሪያ የላቲን ጽሑፍ አለው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሲሆን ይህ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር በጠርዙ ላይ ይታያል። ማግኔት ከያዘው ብር አይደለም፤ ማግኔት ስላልያዘው ግን ብር ነው ማለት አይቻልም፤ መዳብም ነሐስም አይያዙምና።

ሥራውን አባትዎ ራሳቸው ይምሩት። እሳቸው የእያንዳንዱን ታሪክ ይናገሩ፣ እናንተ ጻፉ። መምህር የነበረ ሰው መዝገብ መያዝ ያስከፋዋል ብዬ አልገምትም።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሸጣችሁ ገንዘቡን ባንክ አስገቡ። በ2014 ዓ.ም. በከተማችን ስንት ቤት እንደተዘረፈ የረሳ የለም።

ሕግ ነክ (ደሴ)፦

የሰኞ ገበያ ስጋት ተገቢ ቢሆንም፣ ተቻኩሎ መሸጥ አታላዩ የሚመኘውን ማድረግ ነው። ውሳኔውም የባለቤቱ እንጂ የልጆቹ አይደለም።

በስልክ ስለሚመጣው ማስፈራሪያ፣ ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ራሱ ይደነግጋል፤ ባለቤቱን የሚመለከቱት የማስመዝገብና የመጠበቅ ግዴታዎች ሲሆኑ፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም የተከለከለ ነው። እውነት የአክሱም ዘመን ሳንቲም ከተገኘ፣ አባትዎ ከእናንተ አንዱን አስከትለው ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስመዝግቡ፤ ያን ጊዜ ደዋዩ የሚያስፈራራበት ነገር አይኖረውም። የመንግሥት ሠራተኛ ለሥራ ሲመጣ መታወቂያና ደብዳቤ ያሳያል፣ ዕቃ ከወሰደ ደረሰኝ ይሰጣል፤ «በዝምታ እንዲያልቅ» ገንዘብ የሚጠይቅ ግን አስመሳይ ባይሆን እንኳ ጉቦኛ ነው። ሐሰት ተናግሮ የሰውን ንብረት መውሰድ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 መሠረት አታላይነት ስለሆነ፣ የተደወለበትን ቁጥርና የመጡትን መልእክቶች ሳታጠፉ ለፖሊስ አመልክቱ፤ ማመልከቻው መመዝገቡንም አረጋግጡ።

ወጣቱን በተመለከተ፣ አባትዎ እንግዳ መመለስ ነውር ሆኖባቸው ይሆናል። በወሎ ቤት የመጣን ሰው ቡና ሳያቀምሱ መሸኘት እንዴት እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ያለ ልጆቼ ዕቃ አላወጣም» የሚል አንድ ቋሚ ቃል ቢይዙ ግን እምቢታው ከጨዋነት አያስወጣቸውም። ከዚህ ሌላ፣ ዕቃው ከጠፋ በኋላ ቀድሞ የሚጠረጠረው የቤት ሠራተኛዋ ወይም የጎረቤት ልጅ ነው፤ መቼ ምን እንደነበረ የሚያሳይ መዝገብ ንጹሑንም ሰው ከሐሜት ያድናል። አባትዎ ለማን ምን እንደሚተላለፍ አስቀድመው መወሰን ከፈለጉም፣ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም እንዳለበት አይዘንጋ።

የሆጤዋ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ መዝገቡ በእሳቸው እጅ ጽሑፍ እንዲሆን በሚል ቅድመ ሁኔታ ተስማምተዋል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ እሳቸው ራሳቸው ጥቂቶቹን መሸጥ ቢፈልጉ ዋጋውን እንዴት እናውቃለን? ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፈን ብንጠይቅስ?

አንጥረኛው፦

አትለጥፉት፤ ቤታችሁ ምን እንዳለ ለማያውቀው ሁሉ መንገር ይሆናል። የፎቶውን አንድ ቅጂ ከቤት ውጭ በሚኖር ልጅ ዘንድ ብቻ አኑሩት። ዋጋውን በተመለከተ ከአንድ ጠገራ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ስለሚወጣ፣ የዕለቱን የብር ዋጋ በግራም ጠይቃችሁ ብታባዙት ከዚያ በታች መሸጥ እንደሌለበት ታውቃላችሁ። የዐፄ ምኒልክ ብርም በክብደት ከእሱ ብዙም አይርቅም፤ ነገር ግን ሰብሳቢ ለደኅናው የምኒልክ ብር ከብሩ ዋጋ በላይ ስለሚከፍል፣ ሁለቱን ደባልቆ «በኪሎ ልግዛ» ለሚል ነጋዴ አትስጡ። ሽያጩ ከቤት ውጭ፣ በቀን፣ ሚዛን ባለበት ወርቅ ቤት ይሁን፤ ገንዘቡም አባትዎ ሒሳብ ውስጥ መግባቱ ከባንኩ ሳይረጋገጥ ብሩ ከእጃችሁ አይውጣ።